ድምፁን ገዛሁ፣ ፍሬኑን ሸጥኩ

ለአሮጌ ስፖርት መኪና ካምሻፍት የምትመርጡ ሁሉ የእኔን አትድገሙ!

ይህን የምጽፈው እንድትስቁብኝ አይደለም። ብትስቁም አልቀየማችሁም፤ እኔም አሁን አሁን በራሴ እስቃለሁ። ያን ቀን ግን ሳቅ የሚባል ነገር አጠገቤ አልነበረም። ከጎኔ እናቴ ተቀምጣለች። ከፊቴ ትልቅ የጭነት መኪና ቆሟል። ከእግሬ ሥር ያለው ፍሬን ደግሞ እንደ ድንጋይ ደርቆ አልወርድም ብሏል።

እስቲ ከመጀመሪያው ላውጋችሁ።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ ወንዝ ተሻግሮ ማለት ነው። እንደ ብዙው የአገሬ ልጅ ቀን ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ ማታ ሆቴል እሠራ ነበር። የፓርኪንግ ሥራ ምን እንደሆነ የሠራ ያውቀዋል፤ ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ስታቆም፣ የሰው መኪና ስታወጣ ትውላለህ። ሌላው በቁልፉ እየተጫወተ ይሄዳል፣ አንተ ቲኬት ትቆርጣለህ። ስድስት ዓመት እንዲህ ከቆየሁ በኋላ «እኔስ?» አልኩ። እ.ኤ.አ. በ2019 አንዲት ፎርድ ሙስታንግ ገዛሁ። ባለ 5.0 ሞተር፣ ስምንት ሲሊንደር፣ ባለ አምስት ማርሽ ማኑዋል። የተሠራችው በ1988 ነው። እኔም የተወለድኩት በ1988 ነው። እኩያሞች ነን።

መኪናዋ ካርቡሬተር የላትም። ቤንዚኑን በኮምፒውተር እየተለካ የሚረጩላት ስምንት መርጫዎች አሏት። በዘመኗ 225 የፈረስ ጉልበት ነበር የምትባለው። ለዛሬ መኪና ብዙ ላይባል ይችላል፤ ለእኔ ግን ከበቂ በላይ ነበር።

አንዴ ከተከፈተማ...

ሁለት ዓመት በሰላም ኖርን። ከዚያ በ2021 ክረምቱ ሲገባ፣ በፈረንጆቹ ክረምት ማለቴ ነው፣ ከሞተሩ በኩል «ቲክ... ቲክ... ቲክ...» የሚል ድምፅ መጣ። ሲከፈት ከ16ቱ ታፔቶች የአንዱ ተሽከርካሪ ተበልቶ፣ የካምሻፍቱን አንድ ጉብታ እንደ አይጥ ግጦታል። ስለዚህ ካምሻፍቱ የግድ መቀየር ነበረበት። እዚህ ድረስ ጥፋት የለብኝም።

ጥፋቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ጓደኛ አለኝ፤ ስሙን አልጠራም። አጠገቤ ቆሞ «አንተ! አንዴ ከተከፈተማ ያንኑ የድሮውን ምን አስመለሰህ? ወንድ የሆነ ካምሻፍት አስገባባት እንጂ!» አለኝ። እኔም የምፈልገው ይህንኑ ነበር። ለምን መሰላችሁ? ፓርኪንጋችን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣ አንድ ደንበኛ ነበር። አሮጌ ስፖርት መኪናው ቆማ እንኳ «ዱ-ዱብ... ዱ-ዱብ... ዱ-ዱብ...» ትላለች። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ያያታል። ሴቶቹም ዞረው ያያሉ፤ ልዋሻችሁ አልችልም። «ምን አድርገህባት ነው?» ብለው «ካሙን ነው የቀየርኩት» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የዚያ ድምፅ ነገር ልቤ ውስጥ ቀረ።

ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር የሚለውን ተረት ያኔ አላስታወስኩም።

ገንዘቡስ? ገንዘብ ነበረኝ፤ ግን የእኔ አልነበረም። አዲስ አበባ የእናቴ ቤት ጣሪያ ያፈሳል። ቆርቆሮው ተነስቶ በአዲስ እንዲመታ 1200 ዶላር አጠራቅሜ ነበር። ደወልኩና «እማዬ፣ ሥራ ቀዝቅዟል፤ የጣሪያውን ነገር ለከርሞ ብናደርገው ምን ይመስልሻል?» አልኳት።

«ግድ የለም ልጄ» አለችኝ። «ባልዲ አለኝ።»

ስልኩን ዘጋሁ። በዚያው ሳምንት ካምሻፍቱን ገዛሁ።

የድሎት ሁለት ወር

የገዛሁት ከሰው እጅ ነው፤ አልሠራም እንጂ አዲስ ነው ተብዬ። ወረቀቱ ላይ ብዙ ቁጥር ተጽፏል። እኔ ያየሁት ትልቅ መሆኑን ብቻ ነው። ትልቅ ከሆነ ጥሩ ነው ብዬ አሰብኩ። ገጠምነው። ቁልፉን ሳዞረው «ዱ-ዱብ... ዱ-ዱብ...» አለች። አልቅስ አልቅስ አለኝ።

ለሁለት ወር ያህል የሰፈሩ ጀግና ነበርኩ። ኮለምቢያ ፓይክ ላይ ካሉት የአበሻ ካፌዎች ፊት ለፊት ሳቆም ወጣቱ ማኪያቶውን ትቶ ይወጣል። ግን ቀስ በቀስ አንዳንድ ነገር ማስተዋል ጀመርኩ። መኪናዋ ስትቆም የቤንዚን ሽታዋ ዓይን ያቃጥላል። መብራት ላይ ቆሜ ካልረገጥኩላት ትጠፋለች። በሳምንት አንዴ የምሞላው ቤንዚን ሁለት ጊዜ ሆነ። ካንዴላዎቹ ሲወጡ እንደ ከሰል ጠቁረዋል። ከታች ስትነሳ ደግሞ እንደ ድሮው አትስብም፤ ከ3ሺ ዙር በላይ ካልሆነች ነፍስ አይዘራባትም።

ፍሬኑም አንዳንዴ ይደርቅብኝ ነበር። «ሸራው አልቆ ይሆናል» አልኩና ሸራ ቀየርኩ። ለውጥ የለም። ድምፁ ግን አለ። ድምፁ ስላለ ሌላውን ሁሉ ዝም አልኩት።

የደለስ ጠዋት

በ2022 እህቴ ልትወልድ ሆነና ትኬቱን እሷ ቆርጣ እማዬ መጣች። ልታርሳት ነው የመጣችው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደለስ ኤርፖርት የሚያርፈው ጠዋት ነው። እህቴ «በእኔ መኪና ትምጣ» ብትል «እኔ ነኝ የማመጣት» ብዬ ሙጭጭ አልኩ። መኪናዬን ላሳያት ነዋ!

ሻንጣውን ከኋላ ጫንኩ፣ ቀበቶዋን አሰርኩላት፣ ሞተሩን አስነሳሁ። ዱ-ዱብ... ዱ-ዱብ...

እማዬ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ «ምነው ልጄ፣ ታማለች እንዴ?» አለችኝ።

«አይ እማዬ፣ ድምፁ እንዲህ ነው። ሆን ተብሎ ነው።»

ዝም አለች። 495 የሚባለው ቀለበት መንገድ ጋ ስንደርስ ጠዋት ነውና መኪናው እንደ ጉንዳን ተሰልፏል። አንድ እርምጃ መሄድ፣ መቆም። አንድ እርምጃ መሄድ፣ መቆም። ፍሬን ስረግጥ፣ ስለቅ፣ ስረግጥ፣ ስለቅ ቆየሁ። ከዚያ ሰልፉ ለቀቅ አለና ፈጠን አልኩ። ፊቴ ያለው የጭነት መኪና ድንገት ቆመ። ፍሬን ረገጥኩ። ፔዳሉ ትንሽ ወረደና እንደ ግድግዳ ሆነ! በሁለት እግሬ ቆምኩበት። ሞተሩም እዚያው ላይ ጠፋ። መሪው ከበደ።

የቆምነው በእማዬ ጸሎት ይመስለኛል። በአፍንጫችንና በጭነት መኪናው መካከል አንድ ክንድ ብትቀር ነው። ከኋላ ጥሩምባ ይጮኻል። እጄ ይንቀጠቀጣል። እማዬ አማትባ ጨርሳ ወደ እኔ ዞረች።

«ይሄን ድምፅ ስንት ገዛኸው?» አለችኝ።

መዋሸት አልቻልኩም። «የጣሪያውን» አልኳት።

ሌላ ነገር አልተናገረችም። እህቴ ቤት እስክንደርስ ድረስ በመስኮቱ ስታይ ነበር። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«የሌላ ሰው ቤት ተከራይተሃል»

በማግስቱ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ ባሉ ጋራዦች ያሳለፉ፣ እስከ ዛሬም «ፍሪሲዮን»፣ «ካምቢዮ»፣ «ሚኒሞ» የሚሉ የጥንት ሰው ናቸው። ሞተሩን አስነሱና አንዲት ክብ መለኪያ በቀጭን ጎማ ሞተሩ አየር ከሚስብበት ቱቦ ጋር አገናኙ። መርፌዋ 9 እና 10 ላይ ትንቀጠቀጣለች።

«ደህና 5.0 በሚኒሞ ላይ ሲሆን ይቺ 18 አካባቢ ቆማ ነው የምትገኘው» አሉኝ። «የት የት ነው የምትነዳት ልጄ?»

«ሥራና ቤት ነው ጋሼ። ቅዳሜና እሁድ ዲሲ እወጣለሁ።»

«ስንት ዙር ላይ?»

«እኔ እንጃ... ሁለት ሺ፣ ሁለት ሺ አምስት መቶ...»

«ይሄ ካምሻፍት ከሦስት ሺ በላይ ለሚኖር ሰው የተሠራ ነው። አንተ ከሦስት ሺ በታች ነው የምትኖረው። የሌላ ሰው ቤት ተከራይተሃል።»

ከዚያ አስቀምጠው አስተማሩኝ። እኔም ለእናንተ በቀላሉ ልንገራችሁ።

ካምሻፍት ማለት ጉብታ ጉብታ ያለበት ዘንግ ነው። ዋናው የሞተር ዘንግ ሁለቴ ሲዞር እሱ አንዴ ይዞራል። ጉብታው ሲመጣ ቫልቩን ይከፍታል፣ ሲያልፍ ሞላው ይዘጋዋል። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የመግቢያ በር አለ፣ የመውጫ በር አለ። አዲስ አየርና ቤንዚን በመግቢያው ይገባል፣ የተቃጠለው ጭስ በመውጫው ይወጣል። የጉብታው ቁመት በሩ ምን ያህል እንደሚከፈት፣ ስፋቱ ደግሞ ምን ያህል ጊዜ ተከፍቶ እንደሚቆይ ይወስናል።

ትልቅ ካምሻፍት በሮቹን ረጅም ጊዜ ከፍቶ ያቆያል። ስለዚህ የመውጫው በር ገና ሳይዘጋ የመግቢያው ይከፈታል፤ ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም ክፍት ናቸው። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ይህ ጥሩ ነገር ነው፤ የሚወጣው ጭስ ፍጥነት ስላለው አዲሱን አየር ከኋላው እየሳበ ያስገባዋል። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ግን ጭሱ ወደ ኋላ ተመልሶ ከአዲሱ አየር ጋር ይቀላቀላል። ቃጠሎው ይዛባል፣ አንዱ ሲሊንደር ይነድዳል፣ አንዱ ይሰንፋል። እኔ የወደድኩት «ዱ-ዱብ» ይኸው ነው። ሞተሩ በደንብ መተንፈስ ሲያቅተው የሚያሰማው ድምፅ ነው!

መዘዙ እዚህ ላይ አያበቃም። ሞተር በሚኒሞ ላይ ሲሆን አየር ለመሳብ ሲታገል ቱቦው ውስጥ ጠንካራ ስበት ይፈጠራል። መካኒኮች ቫኪዩም ይሉታል። መለኪያዋ የምታሳየው እሱን ነው። ሁለቱም በር አብሮ ሲከፈት ይህ ስበት ይደክማል። ታዲያ ፍሬን ስንረግጥ የእግራችንን ጉልበት የሚያበዛልን፣ ከፍሬኑ ጀርባ ያለው ጣሳ መሳይ ዕቃ የሚሠራው በዚሁ ስበት ነው። አንድ ሁለት ጊዜ የሚያስረግጥ ያጠራቅማል፤ ከዚያ በላይ ቶሎ ቶሎ ከተረገጠ ያልቅበታል። በ495 ላይ የሆነው ይኸው ነው። ፍሬኔ አልተበላሸም፤ ተራበ እንጂ። ሸራ ብቀይር ምን ሊጠቅመኝ ኖሯል?

የመኪናችሁ ኮምፒውተር ምን ይሰማል?

አሁን የምላችሁን በተለይ አሮጌ የቤንዚን መርጫ ያላት መኪና ያላችሁ በደንብ ያዙልኝ። በካርቡሬተር ዘመን ቢሆን በጠመንጃ መፍቻ ጎርጎር አድርጋችሁ ትንሽ ታስተካክሉት ነበር። የእኔዋን ግን የሚመግባት ኮምፒውተር ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ የሚያምነው የሚሰማውን ብቻ ነው።

ከ1986 እስከ 1988 የተሠሩት ባለ 5.0 ሙስታንጎች የሚገባውን አየር በቀጥታ አይለኩትም። በቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት፣ የሞተሩን ዙርና የአየሩን ሙቀት አይተው ይገምታሉ። ግምቱ የተሰላው ለፋብሪካው ካምሻፍት ነው። ስበቱ ሲደክም ኮምፒውተሩ «አሃ! ሾፌሩ ነዳጅ ረግጧል» ብሎ ያስባል። እናም ቤንዚን ይጨምራል። እኔ እግሬን አንስቼ መብራት ላይ ቆሜያለሁ፤ እሱ ዳገት የምወጣ መስሎት ያጠጣኛል። የቤንዚኑ ሽታ፣ የካንዴላው መጥቆር፣ የሞተሩ መጥፋት ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ከ1989 ጀምሮ የተሠሩት ግን የሚገባውን አየር በመንገዱ ላይ የሚለካ መሣሪያ አላቸው። በካሊፎርኒያ የተሸጡት የ1988ዎቹም አላቸው። መሣሪያው ያለው በአየር ማጣሪያውና ሞተሩ አየር በሚስብበት አፍ መካከል ነው፤ ሽቦ የተሰካበት ጠርሙስ መሳይ ነገር ታያላችሁ። እነዚህኞቹ ካምሻፍት ሲቀየር ከግምት ይልቅ ልኩን ስለሚያውቁ የተሻለ ይታገሳሉ። የድሮዎቹንም ወደዚህ መለወጥ ይቻላል፤ መለኪያው፣ ሽቦውና ተስማሚ ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ለማኑዋል መኪና ብዙዎች የሚፈልጉት «ኤ9ኤል» የሚል ምልክት ያለበትን ኮምፒውተር ነው። ግን እወቁ፦ ይህ የቤንዚኑን ችግር ነው የሚያቃልለው፤ ለፍሬኑ ስበት አይመልስለትም።

ከመግዛታችሁ በፊት

አዛውንቱ የነገሩኝን ከራሴ መከራ ጋር አዳብዬ እንዲህ አስቀምጬላችኋለሁ።

1. ራሳችሁን ጠይቁ። ሳምንቱን ሙሉ የምትነዱት ስንት ዙር ላይ ነው? ሰልፍ ላይ ነው ወይስ ክፍት መንገድ? ከጎናችሁ ማን ይቀመጣል? ካምሻፍት የሚመረጠው ለቅዳሜ ማታ ሳይሆን ለሰኞ ጠዋት ነው።

2. ቁጥሮቹን አንብቡ። ሦስቱ ዋነኞች ናቸው፦ በሩ ተከፍቶ የሚቆይበት ዲግሪ፣ የሚከፈትበት ከፍታ፣ በመግቢያና በመውጫ ጉብታዎች መካከል ያለው ማዕዘን። ለኃይለኛው 5.0 ከፋብሪካ የሚገባው በ0.050 ኢንች ሲለካ 210 ዲግሪ አካባቢ፣ ከፍታው 0.444 ኢንች፣ ማዕዘኑ 115 አካባቢ ነው። በፎርድ የውድድር ክፍል የታወቀው ኢ-303 ደግሞ 220፣ 0.498 እና 110 ነው። «አሥር ዲግሪ ምን አላት» ብላችሁ አትናቁ። ማዕዘኑ በጠበበ ቁጥር ሁለቱ በሮች አብረው የሚከፈቱበት ጊዜ ይረዝማል፤ ድምፁ ይደምቃል፣ ስበቱ ይደክማል። የእኔው 236 ዲግሪና 108 ማዕዘን ነበር። አሁን ገባችሁ? ዲግሪ ስታወዳድሩ ደግሞ ሁለቱም በ0.050 የተለኩ መሆናቸውን እዩ። ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ሌላ፣ ትልቅ ቁጥር ነው።

3. ኮምፒውተራችሁ ገማች ነው ወይስ ለኪ? ይህን ሳታውቁ አንድ ሳንቲም አታውጡ።

4. ሞላዎቹን አትርሱ። ከ30 ዓመት በላይ የሠራ የቫልቭ ሞላ ደክሟል። ከፍ የሚያደርግ ካምሻፍት ስታስገቡ ደግሞ ሞላው ተጨምቆ መድረሻ ሊያጣ ይችላል። የካምሻፍቱ ሠሪ የሚያዘውን ሞላ አብራችሁ ግዙ።

5. ቫልቩ ፒስቶኑን እንዳይመታ አስለኩ። የ1986ቱ 5.0 ፒስቶን አናቱ ልሙጥ ነው፤ ለቫልቭ የተቦረቦረ ቦታ የለውም። ከ1987 ጀምሮ ያሉት አላቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ሳይለኩ አይታመኑም። መለኪያው ቀላል ነው። የልጆች መጫወቻ ጭቃ ፒስቶኑ ላይ ይደረጋል፣ ክዳኑ ይገጠማል፣ ሞተሩ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል፣ ተከፍቶ የጭቃው ውፍረት ይታያል። እኔ ሳላስለካ ነው የገጠምኩት። ያልመታው በዕድል ነው።

6. የአነዳዱን ቅደም ተከተል አረጋግጡ። የኃይለኛው 5.0 ሲሊንደሮች የሚነድዱት በ1-3-7-2-6-5-4-8 ነው። የጥንቱ 302 ግን በ1-5-4-2-6-3-7-8 ነው። ሁለቱም ካምሻፍት ያው ቤት ይገባል፤ ግን ሞተራችሁ አንዱን ነው የሚያውቀው። ኮምፒውተሩም ቤንዚኑን የሚረጨው በዚያው ተራ ነው።

7. የዲስትሪቢውተሩን ጥርስ እዩ። የብረት ዓይነቱ ከካምሻፍቱ ጋር ካልተስማማ አንዱ ሌላውን ይበላዋል። ተሽከርካሪ ታፔት ያለው የ5.0 ካምሻፍት የሚፈልገው የአረብ ብረት ጥርስ ነው።

8. አሮጌ ታፔት አትመልሱ። እኔን መጀመሪያ ያስከፈተኝ የታፔት መበላት ነው። አዲስ ታፔት፣ አዲስ የታይሚንግ ሰንሰለት ይግባ። የተበላው ብረት ብናኝ ዘይቱ ውስጥ ስለሚቀር ከሥር ያለው የዘይት መያዣ ወርዶ ይታጠብ።

9. የምትኖሩበትን ሕግ ጠይቁ። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ወገኖች፣ ከ1976 ወዲህ የተሠራ የቤንዚን መኪና የጭስ ምርመራ አለበት። ካምሻፍቱም በስቴቱ የተፈቀደበት ቁጥር ከሌለው መጣያችሁ ይሆናል።

10. ሂሳቡን እስከ መጨረሻው አስሉ። የካምሻፍቱ ዋጋ የመግቢያ ትኬት ነው። ሞላው፣ ታፔቱ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ዘይቱ፣ የእጅ ዋጋው ተደምሮ ነው የሚታወቀው።

እኔ የመረጥኩት

አዛውንቱ ሦስት መንገድ አሳዩኝ። አንደኛው ትልቁን ካምሻፍት አቆይቼ፣ አየር ለኪውን ከነኮምፒውተሩ ገዝቼ፣ ለፍሬኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የስበት ፓምፕ መጨመር ነው። ሁለተኛው መካከለኛ ካምሻፍት ከአየር ለኪው ጋር ነው። ሦስተኛው የፋብሪካውን ዓይነት መመለስ። «ሁሉም ትክክል ነው» አሉኝ። «ለሚወዳደር ሰው የመጀመሪያው ትክክል ነው። ጥያቄው አንተ ማነህ ነው።»

እኔ ማነኝ? ፓርኪንግ የምሠራ፣ ሰልፍ ላይ የምውል፣ እናቱን ያስደነገጠ ሰው ነኝ። ሦስተኛውን መረጥኩ። ደግሞ ይገርማችኋል፣ የፋብሪካው ካምሻፍት ርካሽ ነው። ለምን ቢባል እንደ እኔ ያለው ሁሉ አውጥቶ ይሸጠዋላ! ጉብታዎቹ በደንብ ታይተው፣ ተለክተው አንድ ደህና ያገለገለ አገኘን። አዲስ ታፔት፣ አዲስ ሞላና አዲስ ሰንሰለት ገባ። መለኪያዋ 18 ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ሽታው ጠፋ። ቤንዚኑም ወደ ሳምንት አንዴ ተመለሰ። ከታች ስትነሳ እንደ ድሮው ወንበር ላይ ትለጥፋለች። ትልቁን ካምሻፍት ሸጥኩት። ገዢው ግን ለውድድር ሜዳ የሚሠራት፣ አየር ለኪ ያላት መኪና እንዳለችው ጠይቄ ነው የሸጥኩለት። ለሰው ልጅ ነገር ሲሸጥ እንዲህ ነው።

ጓደኛዬ «አበላሸሃት!» ብሎ ለአንድ ወር አኮረፈኝ። ካፌው ፊት ለፊትም ማኪያቶውን ትቶ የሚወጣ የለም። ትንሽ ከፍቶኝ ነበር፤ አልዋሽም።

አዲስ አበባ ያላችሁ ወጣቶች «እኛ ሙስታንግ የት አለንና?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ የሙስታንግ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ከከለከለች ወዲህ ያለውን አሮጌ መኪና ጠግኖ መያዝ ግድ ሆኗል። ቪትዝም ይሁን ኮሮላ፣ ሞተር ተከፍቶ ካምሻፍት ይቀየር ሲባል ለሞተሩ ቁጥር የሚሆነውን ትክክለኛውን ጠይቁ። «ይሄም ይገባል» እና «ይሄ ነው» የተለያዩ ናቸው። «አንዴ ከተከፈተማ» የሚላችሁ ሰው ካለ ደግሞ ደረሰኙን እሱ ይከፍል እንደሆነ ጠይቁት።

እማዬ ስድስት ወሯን ጨርሳ ስትመለስ ደለስ የወሰድኳት እኔው ነኝ። መጀመሪያ አልገባም ብላ ነበር፤ እህቴ ለመነቻት። መንገዱን ሙሉ ዝም ብላ ቆየችና አንድ መብራት ላይ ስንቆም ጆሮዋን ወደ ፊት ሰጥታ አዳመጠች።

«ዛሬ እንኳ ደህና ናት» አለችኝ። «ተሻላት?»

«ተሻላት እማዬ።»

በቀጣዩ ሰኔ ሳይገባ ጣሪያው ተመታ። የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ዕለት ደወልኩላት። ባልዲውን ምን እንዳደረገችው ጠየቅኳት።

«ልብስ እዘፈዝፍበታለሁ» አለችኝ።

ቸር ሰንብቱ።